4ኛ ክፍል ደርሳለች፣ ማንበብ ግን አትችልም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም፣ በያላችሁበት። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም ስለ ትምህርት ናቸው። መስከረም ሲጠባ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ደብተር የሚገዛው ገዝቶ፣ ያልቻለው ተጨንቆ ይጽፍልኛል። ለ19 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ስለነበርኩ ይህ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። ስለዚህ አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

«የእህቴን ልጅ ከገጠር ያመጣኋት ላስተምራት ብዬ ነው። አሁን 12 ዓመቷ ነው። ቀን ቤት ውስጥ ታግዘኛለች፣ ማታ ትማራለች። 4ኛ ክፍል ደርሳለች፣ ካርዷም ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከሱቅ የመጣ ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢልኝ ብላት አንገቷን ደፋች። የግል ትምህርት ቤት ላስገባት ይሆን? አቅሜ ብዙም አይደለም።» አክስት፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ

እህት ዓለም፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አንቺ ደነገጥሽ፣ ጠየቅሽም።

መጀመሪያ የጎደላት ምን እንደሆነ እንወቅ። ዛሬውኑ ሞክሪው። የፊደል ገበታ ፊቷ አድርጊና ከ«ሀ» ጀምሪ በያት። ምናልባት እንደ መዝሙር ታወርደዋለች። ከዚያ ጣትሽን «ሩ» ላይ ብቻ አሳርፊ። ከንፈሯ «ረ... ሩ» እያለ ከረድፉ መጀመሪያ ከተነሳ፣ ፊደሉን የምታውቀው በዜማው ነው፤ በመልኩ አይደለም። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ይህን ሁሉ በዜማ የያዘ ልጅ ያወቀ ይመስላል፣ መምህሩም ያወቀ ይመስለዋል፣ ቤተሰብም ደስ ይለዋል።

ይህን በደንብ የገባኝ እዚሁ ጣና ሐይቅ ዳር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታንኳ ከሚያርፍበት አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ አባቱ ደንገሉን አስሮ እስኪጨርስ፣ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ ጮክ ብሎ ያነባል። ጎበዝ አልኩት። ጣቱ ግን አፉ ከሚለው ቃል ሁለት መስመር ቀድሟል። ሥዕሉን በመዳፌ ሸፈንኩበት። ቆመ። መዳፌን ሳነሳ ሥዕሉን አየና ካቆመበት ቀጠለ። ገጹን ሙሉ በሙሉ በቃሉ ይዞታል፤ ክፍል ውስጥ ልጁ ሁሉ አንድ ላይ ሲጮህ እሱም አብሮ እየጮኸ ነው የያዘው። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ያን ሁሉ የሚይዝ ጭንቅላት አለው። ብቻውን ጠርቶ «ይህችን ቃል አንብባት» ያለው ሰው ነው ያጣው።

ያንቺም ልጅ እንደዚያ ናት ብዬ እገምታለሁ። ለዓመታት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሳይወድቅ የሚያልፍበት አሠራር ነበረን። ሐሳቡ ልጆች በመውደቅ ተስፋ ቆርጠው እንዳይቀሩ ነበር፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ወደኋላ የቀረውን ልጅ ይዞ የሚያስጠና ሰው ግን አልተመደበለትም። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። የዓለም ባንክና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ግምት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ የአሥር ዓመት ልጆች 70 ከመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ተብሎ አገር ተንጫጫ። እኔ ያኔ ያሰብኩት ስለ 2ኛ ክፍል ነው። ቤቱ የፈረሰው እዚያ ነው፤ ድምፁን የሰማነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የግል ትምህርት ቤት አያስፈልጋትም። አሁን ካለችበት ላይ 4ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ቢጨመርባት ይብስባታል እንጂ አይሻላትም። የሚያስፈልጋት በቀን 20 ደቂቃ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ካርቶን ቆራርጪ። የምታውቃቸውን ቃላት ጻፊባቸው፦ ጣና፣ ላም፣ ሰማ፣ ዓሣ፣ ቡና። ቃሉን አንብባ ስትጨርስ ፊደሎቹን በመቀስ ለያይያቸውና ራሷ መልሳ ትግጠማቸው። ከ«ላም» «ማማ» እና «ማላ» ይወጣሉ፣ ሁለት «ማ» ብትጨምሪ። ሳድሱ ላይ ትሰናከላለች፣ ሁሉም ልጅ ይሰናከላል፤ «ም» እና «ር» ቅርጻቸው ከሌሎቹ ጋር አይሄድም። አትቆጫት። ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አታስወርጃት፣ እሱን ጠግባለች። ጊዜ ከሌለሽ ለግል ትምህርት ቤት ልታወጪ ካሰብሽው በጣም ባነሰ ገንዘብ በሳምንት ሦስት ቀን የምታስጠናት የኮሌጅ ተማሪ ታገኛለሽ። ከተማችን ፔዳ ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ዘመን ጀምሮ መምህር የሚሠለጥንባት ከተማ ናት፤ ከተማሪው ብዙው የኪስ ገንዘብ ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ነገር ልንገርሽ። «ቀን ታግዘኛለች፣ ማታ ትማራለች» ብለሻል። እህቴ፣ የ12 ዓመት ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ስታጥብ፣ ስትጠርግ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ውላ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ብትቀመጥ የሚመጣባት እንቅልፍ ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ልጅ ትምህርቱን ወይም ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት አለው ይላል፤ የእህት ልጅ መሆኗ ይህን አይለውጠውም። እናቷ ልጇን የሰጠችሽ አምናሽ ነው። ነገ ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪና ወደ ቀን አዛውሪያት። በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ግማሽ ቀኗ ይተርፋል፤ ያኔ ዕቃ ብታጥብ እንደማንኛውም የቤት ልጅ ነው። የራስሽ ልጆች መቼ ነው የሚማሩት? ለእሷም እሱኑ አድርጊላት።

«በአንድ የሐይቅ ዳር መንደር አብረን ያደግን 14 ጓደኛሞች ነን። ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ አረብ አገር ነው ያለው። ለተማርንበት ትምህርት ቤት 85 ሺህ ብር አዋጥተናል። አንዱ መጽሐፍ ይላል፣ አንዱ ቦርሳ፣ አንዱ አጥር። ልንጣላ ደርሰናል። ምን ይሻላል?» አብሮ አደጎች

ወንድሞቼ፣ እንዲህ ባለ ነገር የሚከራከር ሰው ጉዳዩ ገብቶታል ማለት ነው። ግን «ምን እንግዛ» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ልጆቹ ለምን ይቀራሉ? ከመጡስ በኋላ ይማራሉ ወይ? እነዚህን አትቀላቅሉ፣ መድኃኒታቸው ለየብቻ ነው።

ከኬንያ ልጀምር። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ በሚባል አካባቢ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጥኚዎች ለተወሰኑ የገጠር ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ ሰጡ፣ ካልተሰጣቸው ጋርም አነጻጸሩ። መጽሐፍ ያገኙት ልጆች በጠቅላላው አልተሻሻሉም። የተሻሻሉት ድሮም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፣ ለአብዛኛው ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ማንበብ ለማይችል ልጅ አዲስ መጽሐፍ ጌጥ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ያላችሁት፣ እቃወማችኋለሁ ማለቴ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ስንቱ እንደሚያነብ እወቁ።

እዚያው ቡሲያ ለተማሪዎች የሆድ ትልና የቢልሃርዚያ መድኃኒት ሲሰጥ ከትምህርት የሚቀረው ልጅ በሩብ ያህል ቀነሰ። ከአጥኚዎቹ አንዱ ማይክል ክሬመር በኋላ ከአቢጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር የ2019ን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ወሰደ። ይህን የምነግራችሁ ጣና ዳር ስላደጋችሁ ነው። ልጆች ሐይቁ ውስጥ ይዋኛሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጭቃው ላይ ቆመው ዓሣ ያጠምዳሉ። ቢልሃርዚያው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳቸው ይገባል። ሆዱን የሚያመው፣ ሰገራው ደም ያለው፣ ሁሌ የሚደክመው ልጅ ክፍል ውስጥ «ሰነፍ» ይባላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በትምህርት ቤት በዘመቻ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። እናንተ መግዛት የለባችሁም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ፦ እኛ መንደር መጨረሻ የተሰጠው መቼ ነው? የቀሩ ልጆች አሉ ወይ? ይህ አንድ ስልክ መደወል ነው። ልብ በሉ ግን፣ በኬንያው ጥናት ልጆቹ መምጣታቸው ጨመረ እንጂ የፈተና ውጤታቸው አልጨመረም። ጤነኛ ልጅም የሚያስተምረው ይፈልጋል።

እስቲ ደግሞ ስለ ብስክሌት። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ቢሃር በተባለው የሕንድ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ተሰጣቸው። የሴቶቹ ምዝገባ ወደ 30 ከመቶ ገደማ ጨመረ፤ ይበልጥ የጨመረው ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በራቀባቸው መንደሮች ነው። ሴት ልጅ ለብቻዋ ረጅም መንገድ ስትሄድ ወላጅ ይፈራል፤ ብዙ ሴቶች በብስክሌት አብረው ሲሄዱ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ከመንደራችሁ 8ኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የቀሩ ሴቶች ስንት ናቸው? ስማቸውን ቁጠሩ። አምስት ከሆኑና የቀሩት በመንገድ ርዝመት ከሆነ፣ ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ ማደስ ከቦርሳም ከአጥርም ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አፉን ሞልቶ አይናገረውም። ከሐይቁ ዳር ልጆች መካከል፣ በሌላው ሰው የሚገለለው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ልጆች አሉ። ታንኳውን የሚሠሩት፣ ደንገሉን የሚሰፉት ወላጆቻቸው ናቸው። እነዚህ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት ደብተር በማጣት ብቻ አይደለም፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሲጠፋ፣ በዕረፍት ሰዓት ሲሰደቡ፣ መምህሩ ሰምቶ ዝም ሲል ነው። ይህ በብር አይገዛም። እናንተ ግን በመንደሩ ተሰሚነት አላችሁ፣ ብር የላከ ሰው ይሰማል። ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ጋር ስትቀመጡ «የትኞቹ ልጆች ናቸው ለብቻቸው የሚቀመጡት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብሩን ስትሰጡ እነዚያ ልጆች በመጀመሪያው ረድፍ እንዲካተቱ በቃል ሳይሆን በወረቀት ተስማሙ።

እኔ ብሆን ብሩን ምን አደርገው ነበር? አብዛኛውን ለክረምት አውለው ነበር። ከመንደሩ 12ኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ሁለት ሦስት ልጆች አይጠፉም። አበል እየተከፈላቸው ሐምሌንና ነሐሴን ማንበብ የማይችሉትን ልጆች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያስጠኑ። ጥቂት አጫጭር የአማርኛ ተረት መጻሕፍት ግዙ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው እንዳይቀሩ ለልጆቹ በእጃቸው ይሰጡ፣ ይቀደዱም። የተቀደደ መጽሐፍ የተነበበ ነው። ከተረፈው ላይ ለትልልቆቹ ሴቶች ሞዴስ ግዙ፤ በየወሩ ሦስት አራት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመት ስንት ቀን እንደምታጣ አስሉት። ቦርሳው ይቅር፣ ልጅ ደብተሩን በፌስታልም ይዞ ይመጣል። አጥሩን ወረዳው ይሥራው።

«ከገጠር ተፈናቅለን ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ነው ያለነው። ሁለት ልጆቼን ላስመዘግብ ስሄድ መሸኛና ካርድ አምጣ አሉኝ። የተማሩበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ከማን ነው የማመጣው?» አባት

ወንድሜ፣ አይዞህ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የተነሳው ግጭት ስንቱን ትምህርት ቤት እንዳዘጋ እናውቃለን። ያንተ ልጆች ብቻ አይደሉም ወረቀት የሌላቸው። በቃል ተከራክረህ አትመለስ። ከምትኖርበት ቀበሌ የመፈናቀልህን ማረጋገጫ አውጣ፤ ከዚያ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክት። ማመልከቻህ ላይ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ልጆቼ ተፈትነው በሚመጥናቸው ክፍል ይመደቡልኝ። ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂ ያዝ። የድሮ ደብተራቸው ካለ፣ የቆሸሸም ቢሆን፣ ይዘህ ሂድ፤ መምህር ደብተር አይቶ ብዙ ያውቃል። እምቢ ካሉህ መልሰህ ጻፍልኝ፣ አብረን እንሄዳለን። እስኪመዘገቡ ድረስ ደግሞ ቤት አይቀመጡ። ታላቁ ለታናሹ በየቀኑ ያንብብለት። ሁለት ዓመት ከትምህርት የራቀ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚረሳው መቀመጥን ነው።

«3ኛ ክፍል አስተምራለሁ። 68 ተማሪ አለኝ። አሥሩ ያነባሉ፣ ሃያው ፊደል አይለዩም፣ የቀሩት መሀል ላይ ናቸው። መጽሐፉን ለመጨረስ ከሮጥኩ ሃያው ይቀራሉ። ለሃያው ከቆምኩ ሱፐርቫይዘር ይመጣና «ምዕራፍ ስንት ደረስሽ» ይለኛል። ምን ላድርግ?» መምህርት፣ ከባሕር ዳር

መምህርት፣ ደብዳቤዎን ሳነብ የራሴ ክፍል ታየኝ። የጠመኔው አቧራ ሁሉ ሸተተኝ።

ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት አለ። ሥራውን የጀመረው በሙምባይ ድሃ መንደሮች ሲሆን ይህንኑ የእርስዎን ችግር ይዞ ብዙ ሠርቷል። ያደረገው ቀላል ነው። በቀን ለአንድ ለሁለት ሰዓት የክፍል ቁጥርን ይረሳና ልጆቹን በችሎታቸው ይመድባል። ፊደል የማይለይ ከማይለይ ጋር፣ ቃል የሚያነብ ከሚያነብ ጋር፣ የ3ኛም የ5ኛም ክፍል ልጅ አብሮ ይቀመጣል። እየቻለ ሲሄድ ወደሚቀጥለው ቡድን ይሸጋገራል። ይህ አሠራር በሌሎች አገሮች፣ በአፍሪካም ጭምር፣ ተሞክሯል፤ ደጋግሞም ሠርቷል። መጽሐፉን ትተው ለልጁ ስለሚያስተምሩ ነው የሚሠራው።

እርስዎ ብቻዎን ሙሉውን ማድረግ አይችሉም፣ የጊዜ ሰሌዳውም የእርስዎ አይደለም። ግን አጠገብዎ ያሉት የ2ኛና የ4ኛ ክፍል መምህራን ያው ችግር አለባቸው። ለሦስት ሆናችሁ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ብቻ ልጆቹን ተለዋወጡ። አንዳችሁ ፊደል የማይለዩትን ሁሉ ያዙ፣ አንዳችሁ ቃል ላይ ያሉትን፣ አንዳችሁ የሚያነቡትን። የሚያነቡት ብዙም አያስቸግሩም፤ ተረት ሰጥታችሁ ጥያቄ ብትጠይቋቸው ይበቃል። ስለዚህ ታጋሿ መምህርት ፊደል የማይለዩት ጋ ትሂድ። ብዙ ትምህርት ቤት የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ጎበዙን መምህር ለ8ኛ ክፍል ፈተና ይይዘዋል፣ አዲሱን ለ1ኛ ክፍል ይሰጣል።

ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ባዶ እጅዎን አይቀበሉት። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልጆቹን አንድ በአንድ ይፈትኑ። አንድ ወረቀት ላይ አሥር ፊደል፣ አምስት ቃል፣ አንድ ባለአራት ዓረፍተ ነገር አንቀጽ ይጻፉ፤ ፊደሎቹ በገበታው ተራ አይሁኑ። ልጁን ወደ በሩ ጠጋ አድርገው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት፣ ያስነብቡት። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ 68ቱ 204 ደቂቃ ነው፤ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ቢያወጡ ከሳምንት ትንሽ ያልፋል። ስማቸውን ዘርዝረው ከጎኑ «ፊደል»፣ «ቃል»፣ «አንቀጽ» ይበሉ። «ምዕራፍ ስንት ደረስሽ» ሲልዎት ያን ወረቀት ያሳዩት። ከስምንት ሳምንት በኋላ ደግሞ በዚያው ወረቀት መልሰው ይፈትኗቸው። ከሃያዎቹ ስንቱ ወደ ቃል እንደተሻገሩ ይጻፉልኝ፤ በኅዳር ዕትም ላይ ቦታ አስቀምጬልዎታለሁ።